ዝም ያሰኘሁት ዘፋኝ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። እኔ ግን አንድ ሌሊት ቸኩዬ ያፈሰስሁትን እስከ ዛሬ መልሼ ልለቅመው አልቻልሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሒሳብ ፈተና ዋዜማ ቤታችን መደብ ላይ ተቀምጬ ሳጠና፥ ከግድግዳው ሥር ካለች ቀዳዳ አንድ ጥቁር ፌንጣ «ጥርር፥ ጥርር» እያለ ይጮህ ጀመር። መሬቱን በእግሬ ስመታው ጥቂት ዝም ይልና እንደ ገና ይቀጥላል። በዚህ መካከል ሌላ ፌንጣ፥ ከኋላዋ እንደ መርፌ የቀጠነ ነገር ያላት፥ በበሩ ሥር ገብታ ጥቂት ሄዳ ቆም፥ ጥቂት ሄዳ ቆም እያለች ወደ ቀዳዳዋ ስታመራ አየሁ። ልብ አላልሁም። ለቡና የተጣደውን ፍል ውኃ አንሥቼ በቀዳዳዋ አፈሰስሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ያችም መንገደኛ በወለሉ መካከል ቀርታ ወዲያና ወዲህ ዞር ዞር አለች።

እናቴም «ምን አደረገህ ልጄ? እርሱም እኮ የሚጠራው ዘመድ አይጠፋውም» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ።

ፈተናውን አለፍሁ። ነገር ግን መምህራችን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ነፍሳት ሲያስተምሩን ሳቄ ወደ እፍረት ተለወጠ። የሚዘፍነው ወንዱ ነው፤ ያውም በአፉ ሳይሆን የፊት ክንፎቹን እርስ በርስ በማፋተግ ነው። የአንዱ ክንፍ ጅማት እንደ ሞረድ ጥርስ አለው። ሴቲቱ ግን ትሰማለች። ጆሮዎቿም በራሷ ላይ ሳይሆኑ በፊት እግሮቿ ላይ፥ ከጉልበቷ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ድምፁ በቀኝ ሲበረታ ወደ ቀኝ፥ በግራ ሲበረታ ወደ ግራ ትዞራለች። ከብዙ ጩኸት መካከልም የራሷን ዘር ምት ለይታ ትከተላለች። ያ መርፌ የመሰለው ነገር ዕንቁላሏን በአፈር ውስጥ የምታኖርበት ነው።

ዮሐን ሬገን የተባለ ሊቅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ባወጣው ሥራ፥ የወንዱን ድምፅ በስልክ ወደ ሌላ ስፍራ ቢያስተላልፍ ሴቲቱ ወደ ስልኩ መስሚያ መሄዷን አስረዳ። ወንዱን አላየችውም፤ አላሸተተችውም፤ የመራት ድምፁ ብቻ ነበር።

ይህን ስሰማ በወለሉ መካከል የቀረችው ትዝ አለችኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ያን ሌሊት ግን ከእኔ ይልቅ እርሷ አውቃ ነበር። ማታ የተማርሁትን ሁሉ ነገርኋት። ፈገግ ብላ «ታዲያ ዛሬ ሌላ መጥቶ ቢጮህብህ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። «መጽሐፌን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ» አልኋት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ እኛን የሚረብሸን ጩኸት ለሌላው መንገድ መሪ ሊሆን ይችላልና፥ ዝም ከማሰኘታችን በፊት ማን እየሰማው እንደ ሆነ እንጠይቅ።