ጎማ ያለው ጓዳ

ጋሼ ጡረታ የወጡ ዕለት የተሰጣቸው ሽልማት የግድግዳ ሰዓት ነበር። 27 ዓመት ሙሉ የእርዳታ ድርጅት መኪና እየነዱ ከሰዓት ጋር ሲሯሯጡ ለኖሩ ሰው ሰዓት መሸለም ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም። ሰዓቱን ሳሎን ሰቀሉት፣ ያጠራቀሟትን ብር አወጡ፣ ጨረታ ገቡ።

ሲመለሱ በራችን ላይ የቆመችውን ታውቋታላችሁ። ላንድክሩዘር 75፣ ረጅሟ! ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት፣ ገጠር ለሥራ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ጉልበቱን ከማያውቀው ሰው ጉልበት ጋር እያጋጨ የተሳፈረባት። በሯ ላይ የተፋቀ አርማ ነበረ። ቀለሙ ቢነሳም ቅርጹ አልተነሳም።

እማዬ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣችና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለች።

«ላሊበላ የምንሄድባት» አሉ ጋሼ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። ጋሼ ላሊበላን ስንት ጊዜ እንደረገጡት ቆጥረው አያውቁም። ፈረንጅ ይዘው፣ እህል ጭነው፣ ስብሰባ አድርሰው። እማዬ አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። በየዓመቱ «ለገና እወስድሻለሁ» ይሏታል፣ በየዓመቱ ገና ሲደርስ ሌላ ሰው ጭነው ይሄዳሉ። ለገና ላሊበላ አልጋ ማግኘት ደግሞ የሎተሪ ያህል ነው። ምእመኑ ሜዳው ላይ ድንኳን ተክሎ፣ ያም ያልሆነለት ነጠላውን ተከናንቦ ነው የሚያድረው። ጋሼ ራሳቸው እንግዶቻቸውን ሆቴል አስገብተው ጋቢና ውስጥ ተጣጥፈው ነው ያደሩት። እና ዕቅዳቸው ቀላል ነበር፤ አልጋ ካልተገኘ አልጋውን ይዞ መሄድ።

ጊዜው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ወር አልሞላውም። የሰሜኑ መንገድ ሊከፈት ነው ብለን ሁላችንም ያመንንበት ሰሞን።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ ያቺን ብር ለሌላ ነገር አስቤያት ነበር። «ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ብታበድሩኝ» የምትል ንግግር ለሳምንታት ስለማመድ ከርሜያለሁ። ንግግሬ ሳትነገር ናፍታ ጠጥታ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። ሁለት ሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ ፈረንጆች መኪና ወደ ቤት ሲቀይሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ማየት ጀመርኩና ኩርፊያዬ ሳላውቀው ለቀቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሜትር ይዤ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ።

«መጀመሪያ ሞተር፣ ከዚያ አልጋ» አሉ ጋሼ። እኔ ፍራሽ አስለክቼ መጥቼ ነበር፣ በኋላ ሳሎን ተኛሁበት።

ሞተሯ ዋን ኤችዜድ ይባላል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው፣ ባለስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በአጠገቡ ያላለፈ የናፍታ ሞተር ነው። ጉልበቱ 130 ፈረስ ገደማ ነው። የዘመኑ ልጆች ይስቁበታል። እሱም ግድ የለውም፣ የተሰጠውን ዳገት እያጉረመረመ ይወጣል። ጋሼ ቆጣሪውን አላመኑትም («ጨረታ ላይ የሚዋሽ ነገር ቢኖር ቆጣሪ ነው»)፣ ስለዚህ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ያለባትን የታይሚንግ ቺንጊያ ምንም ሳይጠይቁ አስቀየሯት። ፍሪሲዮን፣ የፊት ኩሽኔታዎች፣ የውኃ ፖምፓ፣ ባሌስትራ። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ ይባላል፤ የመኪናችንን ኮፈን ለከፈተ ሰው ግን ገና አልወጣም።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስንመላለስ ወራት አለፉ። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ይላል፣ ጋሼ ዕቃውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው ያሸቱታል፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳሉ። ምን እንደሚያሸቱ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ከጫነ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን እንደ ወርቅ ነው የሚያቅፈው፣ የመለዋወጫውም ገበያ ይህን አልሳተውም።

የውስጡ ሥራ ሲመጣ እኔ መሐንዲስ ሆንኩ። በቪዲዮ የተመረቅኩ! ከቺፑድ የተሠራ ቁምሳጥን፣ መደርደሪያ፣ ከጣሪያው ላይ 60 ሊትር የውኃ በርሜል ሥዬ አቀረብኩ። ጋሼ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ከጀርባው ምንም እንደሌለ አረጋገጡና «60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። ጣሪያ ላይ ከሰቀልከው በመጀመሪያው ኩርባ ይዞህ ይተኛል» አሉ። ውኃው ወረደ፣ በሁለቱ ጎማ መሀል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቺፑዱም ቀረ፤ ይከብዳል፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ኮረኮንች ላይ ብሎኑ ይለቃል። በኮምፔርሳቶ ሠራነው። አልጋው በአራት ብሎን ብቻ ነው የታሰረው፣ ምክንያቱም ጋሼ ቦሎ በደረሰ ቁጥር ሁሉን ነቅለው ሊብሬው ላይ እንደተጻፈችው አድርገው ማቅረብ ይፈልጋሉ። ሁለተኛ ባትሪ ገባ፤ ሞተሩ ሲነሳ የሚሞላ፣ ሲጠፋ ደግሞ ከዋናው ባትሪ በሪሌ የሚለያይ። ማታ መብራት አብርተህ ጠዋት መኪናህን እንዳትገፋ ነው ነገሩ።

የኔ ኩራት ግን ሌላ ነበር። ላሜራ ቀን ያግላል፣ ማታ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ግድግዳዋን፣ ጣሪያዋን፣ ወለሏን በፎም ሸፈንኩ። የበሮቹን ጎማ ቀየርኩ። የቀረችውን ቀዳዳ ሁሉ በሲሊኮን አሳደድኳት። በር ዘግተህ ስትቀመጥ የጎረቤት ዶሮ እንኳ አይሰማም። «አየር አታስገባም!» እያልኩ ለመጣው እንግዳ ሁሉ አስጎበኘሁ። እንዲህ ብዬ እንደነበር አስታውሱልኝ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያልነው መንገድ ከእህል መጫኛ ዘመን የባሰ ሆነ። ጋሼ ለተወሰነ ጊዜ በየማታው የድሮ ሹፌር ጓደኞቻቸውን እየደወሉ ጠየቁ፣ በኋላ መደወሉንም ተዉት። መኪናዋ ታኅሣሥ 2016 ላይ አለቀች። መሄጃ ግን የላትም። የሰፈራችን ባትላሜራ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ጥር ላይ ሰምቶ «ጋሼ፣ ሙዚየም ነው እንዴ የሠራችሁት?» ብሎ አሳቀን። ጥር ላይ መሳቅ ችለን ነበር። ታኅሣሥን ልንገራችሁ።

ነገሩ የእማዬ ሐሳብ ነው። «ላሊበላ ባንሄድ እንኳ አንድ ሌሊት እንደርባት፣ ግቢም ቢሆን» አለች። ሁለቱ ጋቢያቸውን ይዘው ገቡ። እኔና እህቴ በመስኮት እያየን ሳቅን፣ የጫጉላ ሽርሽር ነው እያልን። ማታ ቡና አፍልታ ነበር። የከሰሉ ምድጃ ደጅ ነው የተቀጣጠለው፤ ጭሱ ካለቀለትና ፍሙ ቀይ ከሆነ በኋላ ለብርዱ ወደ ውስጥ አስገባችው። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ምን ያደርጋል?

እማዬ በጾመ ነቢያት 11 ሰዓት ሲሆን ለኪዳን ትወጣለች። የውጭው በር ሲንቋረር እህቴ እንቅልፏ ውስጥ ሆና ትሰማዋለች። ያን ቀን አልተንቋረረም። ተነስታ ቀሰቀሰችኝ።

የኋላውን በር ስከፍት የወጣው ሙቀት እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። እማዬ ስጠራት «እ» ትላለች፣ አትነሳም። ጋሼ ለመቀመጥ ሞከሩና ወደቁ፣ አስመለሳቸው። ጎትተን አወጣናቸው፣ የጠዋቱ ብርድ ላይ ሳሩ ላይ አስተኛናቸው። ባለታክሲ ጎረቤታችን ነው ሆስፒታል ያደረሰን። እስከ ከሰዓት በኋላ ኦክስጅን ተሰጣቸው። ሐኪሟ እኔን ኮሪደር ላይ አቁማ አስረዳችኝ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው ድካም ነው ብሎ ይተኛል። ከዚያ «ክፍሉ ምን ያህል ጠባብ ነው? መስኮት ነበረው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ልበላት? «አየር አታስገባም» ብዬ ያስጎበኘሁ እኔ ነኝ።

ማንም አልወቀሰኝም፣ እሱ ነው የባሰው። እማዬ «ምድጃውን ያስገባሁት እኔ» አለች። ጋሼ «በር ያልከፈትኩት እኔ» አሉ። አንድ ሳምንት መኪናዋ አጠገብ አልደረስኩም። ልሽጣት ቢሉኝ ደላላ ጠርቼ እመጣ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጋሼ መሰርሰሪያ ይዘው መጡና «በል፣ የደፈንከውን ክፈት» አሉኝ። አንድ ቀዳዳ ከታች በወለሉ በኩል፣ አንድ ከላይ ከጣሪያው ሥር፤ ሁለቱም ወንፊት ያላቸው፣ ሁለቱም መዝጊያ የሌላቸው። መዝጊያ ላድርግላቸው ስል «ብርድ የሚፈራ ሰው ይዘጋዋል» አሉ። የታችኛዋ ለሌላም ትጠቅማለች፤ የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ቢያፈስ ወርዶ በዚያ ይወጣል። ማብሰያውንም ከውስጥ አውጥተን የኋላው በር ላይ ታጣፊ ጠረጴዛ ሠራንለት። አሁን እማዬ ወጥ የምትሠራው ደጅ ቆማ ነው።

ኅዳር 2017 ላይ ጋሼ ጓደኞቻቸውን ጠይቀው ወደ ባሌ ሄድን። ሞጆ፣ ሻሸመኔ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ። እኔ ከኋላ ድንኳን ይዤ። የሰነቲ አምባ ላይ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ለየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይለቃል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ በጋሼ «ነይ፣ ነይ» እየተለመነች ነው የወጣችው። ቀይ ቀበሮ አየን። እማዬ ትንሽ ውሻ መስላት ዳቦ ልትወረውር ነበር።

ያደርነው ዲንሾ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ሌሊቱን ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ ሦስት ጊዜ ተነስቼ መስኮቱን አንኳኳሁ። በሦስተኛው ጋሼ «ሞተን እንደሆነ እንነግርሃለን፣ ተኛ!» አሉኝ። ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። እማዬ ሁለት ጋቢ ደርባ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ በቀዳዳዎቼ የገባው ብርድ አጥንቷ ውስጥ እንደገባ ከነገረችኝ አምስተኛዋ ነው። በዚህ ብርድ ናፍታ ሞተር ዝም ብሎ አይነሳም፤ ማሞቂያ ካንዴላው እስኪግል መታገስ ግድ ነው። ጋሼ ቁልፉን ግማሽ አዙረው ብርቱካናማዋን መብራት ያያሉ።

«ላሊበላ ከዚህ ይብሳል?» አለች እማዬ።

«ብርዱ? የለም፣ ይሻላል።»

«እንግዲያው እነዚህ ቀዳዳዎች ይኑሩ» አለች።

መብራቷ ጠፋች፣ ጋሼ ቁልፉን አዞሩ።