አይከል፦ መንገድ የሚያኖራት ከተማ

ከጎንደር ተነሥተው አዘዞ ሲደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር ይወስድዎታል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ድንበር ያቀናል። አብዛኞቻችን የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ይዘው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ ግን የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አይከልን ያገኛሉ።

አይከል የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በደጋው ጫፍ ላይ ነው። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ አድርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ መተማ ሲደርሱ ከፍታው ከ800 ሜትር በታች ነው። ጠዋት አይከል ላይ ጋቢ ደርቦ ቁርሱን የበላ መንገደኛ፣ ምሳውን ላቡን እየጠረገ ይበላል።

ይህ መንገድ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1699 ከሱዳን በኩል ወደ ጎንደር የተጓዘው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ ጭልጋን ትልቅ የንግድ ስፍራ ሆና እንዳገኛት ጽፏል። ከስናር ለሚመጣው ጥጥ ቀረጥ የሚቀበል የስናር ንጉሥ ሹም በኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ፈቃድ በዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ገቢውንም ሁለቱ ነገሥታት እኩል ይካፈሉት ነበር። ድንበር ማለት አጥር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያገኙ ይሆን?

የሕዝቡን ቁጥር ከጠየቁ መልሱ የቆየ ነው። አገር አቀፉ የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጭልጋ ወረዳ ነዋሪ ከ200 ሺህ በላይ ሲሆን፣ እጅግ የሚበዛው የገጠር ሰው ነበር። አማራውና ቅማንቱ ጎን ለጎን ይኖሩበታል፤ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን ቅማንትኛ ዛሬ በቤቱ የሚናገር ግን ጥቂት ነው፤ የሚናገሩትም በአብዛኛው አዛውንት ናቸው። በዚያ የቆጠራ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ከእርሱ በኋላ የተወለዱት ደግሞ በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ አልገቡም።

በአይከል የሚያልፈውን ሰው ደግሞ ማንም ቆጥሮት አያውቅም። በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከደጋው የሚነሡ የቀን ሠራተኞች በዚህ መንገድ ወደ መተማ እርሻዎች ይወርዳሉ። ሲመለሱ ከደመወዛቸው ጋር ወባና ካላዛር ይዘው የሚመጡ አሉ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው፤ ሕክምናው ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ለታመመ ሰው እንግዲህ የመንገዱ መከፈትና መዘጋት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

መንገዱ ደግሞ ይዘጋል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ሕይወታቸውን ለማትረፍ የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ። በዚያው ዓመት ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህም የጎንደር–መተማ መንገድ በየጊዜው ተቋርጧል። አውቶቡስ ሲቀር ሻይ ቤቱ፣ መኝታ ቤቱ፣ ጎማ የሚጠግነው ልጅ ሁሉ ሥራ ይፈታሉ። ገበሬው እህሉን የሚያወጣበት፣ ወላዷ ወደ ሆስፒታል የምትደርስበት መንገድም ያው አንዱ ነው።

ስለዚህ ቤተሰብዎን ይዘው ለመሄድ ካሰቡ በመጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ በቅርቡ ከተጓዘ ሰው ይጠይቁ። ሰላም ሆኖ ሲደርሱ አይከልን ከመኪናዎ መስኮት ብቻ አይተው አይለፏት። ወርደው ቡና ይጠጡ፤ ለልጆችዎም 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዝሆን ቅድመ ዘሮች ቅሪተ አካላት በጭልጋ አካባቢ መገኘታቸውን ይንገሯቸው። ከዚያ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጠው የሲራራ ነጋዴዎችን ወሬ ይጠይቁ። በቆጠራ መዝገብ ያልሰፈረውን የአይከልን ሕዝብ የሚያውቁት እንዲያ ነው።