ማንም ያላደመጠው ሸክላ

አቦምሳ ላይ፣ በአንድ አሮጌ ቡና ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ከአልጋ ሥር በተጎተተ የቆርቆሮ ሳጥን ፊት ተንበርክኬ የፈጸምኩትን ነገር ለመናዘዝ ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት። ፖለቲካ ለለመደ አንባቢ የሸክላ ወሬ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። ትንሽ ታገሱኝ፤ ወደ መንግሥት መድረሳችን አይቀርም። በእኛ አገር ከመንግሥት ጋር ያልተነካካ ሙዚቃ የለምና።

አቦምሳ የተወለድኩባት ከተማ ናት። የአርሲ ተራሮች ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርዱበት ተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ ከአሰላ ብርድ ለመጣ ሰው ሙቀቷ የሚያስደነግጥ ከተማ። አዲስ አበቤ እርሷን ባያውቃት እንኳ የወረዳዋን ስም ከመርቲ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ ሲያነብ ኖሯል። በ2001 ዓ.ም. ለአጎቴ ለቅሶ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ሸክላ እንደምሰበስብ ከወንድሜ ሰምተው “እትዬ ዘንድ አለልህ” አሉኝ። ለቅሶው ገና አላለቀም ነበር። እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቤ ከድንኳኑ ወጥቶ ነበር፤ ሰብሳቢ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እትዬ (በከተማው ሁሉም የሚጠራቸው በዚሁ ነው) ቡና ቤቱን የከፈቱት በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ከመተሐራ የስኳር ፋብሪካና ከአዋሽ ዳር እርሻዎች ደመወዙን የተቀበለ ሠራተኛ ቅዳሜ ማታ እየመጣ የሚዝናናበት ቤት ነበር። በ1967 የከተማ ቤት አዋጅ ግማሹ ትርፍ ተብሎ ሲሄድ፣ የሸክላ ማጫወቻውና ሳጥኑ ከእርሳቸው ጋር ቀሩ።

በሳጥኑ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሸክላ አገኘሁ። አሥራ ሰባቱ ትንንሾቹ ናቸው፤ ጥላሁን፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ አንድ የዓሊ ቢራም አለበት። አብዛኞቹ መርፌ ከመብላቱ የተነሳ ጥቁርነታቸው ወደ አመድ ተለውጧል። ከሥር ግን ሁለት ትልልቅ ሸክላዎች ነበሩ፤ ትናንት ከሱቅ የወጡ ይመስል የሚያብረቀርቁ። አንዱ ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎኑ እ.ኤ.አ. በ1972 ለፊሊፕስ የተጫወተው ነው። ሌላው ሙላቱ አስታጥቄ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ፈቃደ አምደ መስቀል ጋር በአምሃ ሬከርድስ በ1974 ያወጣው፣ “የካቲት፦ ኢትዮ ጃዝ” የተባለው። (የሸክላ ነገር ሲነሳ ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ መቁጠር ይቀናኛል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚነገረው እንደዚያ ነውና ይቅርታ።)

“እነዚህስ እንዴት እንዲህ አማረባቸው?” አልኳቸው።

“ዘፋኝ የለባቸውማ፣ ልጄ! አንድ ቀን ባጫውተው ሰዉ ‘ምነው እትዬ፣ ዘፋኙ ቀረ እንዴ?’ ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ አላወጣኋቸውም። ሾፌር ነው ለዱቤ መያዣ የተወልኝ። ደመወዝ ስቀበል እወስዳለሁ ብሎ ሄደ፣ ግርግሩ መጣ፣ እርሱም አልተመለሰ።”

ለአሥራ ዘጠኙም ስድስት መቶ ብር ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ተቀበሉ። ያ “የካቲት” ብቻውን በአውሮፓ ገበያ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ እንደሚያወጣ አውቅ ነበር። እርሳቸው አያውቁም። ይኸው ነው ኑዛዜው፤ ወይም ግማሹ።

አሁን ወደ መንግሥት እንሂድ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጡት ትእዛዝ ሸክላ ማሳተምም ሆነ ከውጭ ማስገባት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቸኛ መብት ሆነ። ሙዚቀኛውም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ክቡር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤት። ጌታቸው መኩሪያ ራሱ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በኩል አልፎ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ የገባ ሰው ነው። እንዲህ ባለው አገር አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1969 ተነስቶ፣ ሕጉን እያወቀ፣ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ። የተቀዳው ድምፅ ወደ ውጭ ተልኮ፣ መጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በሊባኖስ እየታተመ ይመለስ ነበር። ዛቻ ደረሰበት፤ ሥራውን ግን አላቆመም። በስድስት ዓመት ውስጥ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። የግል ድርጅት ለምን ያስፈልጋል ብለው ለሚጠይቁኝ ወዳጆቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ከማንኛውም የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ይልቅ ያሳምናል።

የሙላቱን ነገር ደግሞ ለማያውቀው እንዲህ ላስረዳ። የጅማው ተወላጅ ለምህንድስና ትምህርት ወደ ዌልስ ተልኮ ሙዚቃን መረጠ፤ ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ ገባ፣ ኒውዮርክ ላይ በ1966 ሁለት የላቲን ጃዝ ሸክላዎች አሳተመ። ያጋጠመው ችግር ቴክኒካዊ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። ጃዝ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ይጠቀማል። ከሥር የሚነጠፈው ኅብረ ድምፅ ከበዛ ቅኝቱ ይጠፋል፤ ካነሰ ጃዙ ይጠፋል። ሙላቱ ዜማውን በቅኝቱ ጠብቆ፣ የጃዝን ኅብር ከሥሩ በቀጭኑ ዘረጋለት፤ የላቲኑን ምት አከለበት። ከላይ የቫይብራፎኑ ድምፅ እንደ ጠዋት ደወል ይንጠባጠባል። በጆሮ ማዳመጫ አይደለም ይህ የሚገባው፤ ማታ፣ መብራት ቀነስ አድርጎ፣ መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ከሚመጣው የመጥበሻ ድምፅ በኋላ ነው።

የጌታቸው ሌላ ነው። እርሱ ሽለላን ከጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ አስገባው። አውሮፓውያን ሐያስያን በኋላ ሲሰሙት ከአሜሪካኖቹ ከኦርኔት ኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር አመሳሰሉት። ጌታቸው ግን መንገዱን የጀመረው ከአባቶቹ ፉከራ ነው። የሚገርመኝ የአቦምሳ ጠጪዎች ነገር ነው፤ ሽለላ በሰው አፍ ሲሆን ብድግ ብለው የሚያቅራሩ ሰዎች፣ በናስ ሲመጣባቸው ዘፋኙ ቀረ ብለው ሳቁ።

በ1966 ዓ.ም. የሆነውን ሳስብ ሁልጊዜ ይጨንቀኛል። በጥቅምት የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የወሎን ረሃብ ለእንግሊዝ ተመልካች አሳየ። በኅዳር ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ ገባ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀበለ፣ ሙላቱም አጀበው። በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ። በግንቦት ኤሊንግተን ኒውዮርክ ላይ አረፈ። ዓመቱ በባተ በሁለተኛው ቀን፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ ወረዱ። የጃዛችን ወርቃማ ዘመን የምንለው የረሃቡም ዘመን ነበር። ናፍቆቴን ስጽፍ ይህን እንዳልረሳ ራሴን እቆነጥጣለሁ፤ በተለይ አርሲ ላይ ጭሰኛው በትራክተር ከመሬቱ ሲነቀል ያየ ሰው ልጅ ስለሆንኩ።

ደርግ ጃዝን አልከለከለም። ግጥም ከሌለው ሙዚቃ ላይ ሳንሱር ምን ቃል ይሰርዛል? የከለከለው ሌሊቱን ነው። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሆቴሎቹ በጊዜ ተዘጉ፣ ባንዶቹ የሚኖሩት በሌሊት ነበርና ተበተኑ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴት መጣ፤ ሸክላ ማተም በ1970ዎቹ መጨረሻ (አሁንም በፈረንጆቹ) ቆመ። ማታ ቤቱ የተቆለፈበት ሕዝብ ጃዝን ከየት ይስማ?

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የአምሃንና የካይፋን ሥራዎች ፈልጎ፣ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ አሳተማቸው፤ አራተኛው የሙላቱ ነው። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ሙዚቃውን ዓለም አሰማው። እኛስ? እኛ “ፈረንጅ ቅርሳችንን ዘረፈ” ብለን ጻፍን። እኔም ጽፌአለሁ፤ ያውም በንዴት። ሙላቱን መጀመሪያ በወጉ ያዳመጥኩት ግን በዚያው ፈረንሳይ በታተመ ሲዲ መሆኑን በጽሑፌ ውስጥ አላነሳሁም። ራሱን የቻለው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣልን በ1996 ዓ.ም. መሆኑንም እንዲሁ።

እነሆ የኑዛዜው ቀሪ ግማሽ።

የሰብሳቢ ገበያ አንድ ጠማማ ሕግ አለው፤ ሸክላው የሚከብረው ባልተደመጠበት ልክ ነው። ሰው የወደደው ይጫጫራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ሰው የጠላው ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዋጋውም ሰማይ ይነካል። እኔም በዚሁ ሕግ ተመራሁ። አዲስ አበባ ስደርስ ሁለቱን ትልልቅና ሦስት ትንንሽ መርጬ አስቀረሁ። አሥራ አራቱን፣ የተጫጫሩትን፣ አንድ ጠዋት በራችን ላይ ለጮኸው ቆራሌ ሰጠሁ። የዓሊ ቢራውም ከእነርሱ አንዱ ነበር። “ሸክላ” ያለው ቋንቋችን ተሰባሪነቱን ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል፤ ቆራሌውም ከነፕላስቲክ ጆንያው ውስጥ ሲወረውራቸው ሁለቱ ሲሰበሩ ሰምቻለሁ።

ዓመት አለፈ። በተኛሁ ቁጥር ስድስት መቶ ብሯ እየመጣች ታነቃኝ ጀመር። ደመወዜ ፈቅዶልኝ ባይሆንም አራት ሺህ ብር ይዤ፣ “የካቲት”ንም በብብቴ አድርጌ፣ አቦምሳ ወረድኩ። ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአውሮፓውን ዋጋ፣ ማወቄን፣ ዝም ማለቴን። ብሩን ተቀብለው ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ውስጥ አስገቡ። ሸክላውን ስዘረጋላቸው ግን በእጃቸው መለሱልኝ።

“ዘፋኝ የሌለበትን ምን ላድርገው? ያንተ ነው። ይልቅ የብዙነሽን አመጣህልኝ?”

“የትኛውን፣ እትዬ?”

“ያቺን የተጫረችውን ነዋ። ከሸጥኩልህ በኋላ ቆጨኝ።”

ዋሸሁ። አዲስ አበባ ቤቴ አለ፣ አመጣልዎታለሁ አልኩ። ከዚያ ለስምንት ወር ያንኑ ዘፈን ሳሳድድ ከረምኩ። መርካቶ ጠየቅሁ፣ ፒያሳ ጠየቅሁ፤ በመጨረሻ ከአንድ ሰብሳቢ ወዳጄ ዘንድ፣ ከጌታቸው ሸክላ ጋር ተለዋውጬ አገኘሁት። ንጹሕ ነበር፣ ጭረት የሌለበት። ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ ወሰድኩላቸው።

ማጫወቻቸው አሁንም ይሠራል። መርፌውን ራሳቸው አሳረፉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አብረው ያንጎራጉሩ ጀመር። የራሳቸው አለመሆኑን ወዲያው ያወቁ አልመሰለኝም። ዘፈኑ አጋማሽ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ።

“እዚህ ጋ ይዘል ነበር” አሉኝ። “ነፍሱን ይማረውና ባሌ ሰክሮ በክርኑ ገጭቶት ነው። ይቺን ቃል ሦስቴ ትላት ነበር። ሰዉም ለምዶ፣ ቤቱ ሙሉ አብሮ ሦስቴ ይላት ነበር።”

ይህን ሲሉ ሸክላውን አስቁመውት ነበርና መርፌውን ትንሽ ወደ ኋላ መለሱት። ቃሏ ስትደርስ እትዬ ሦስቴ አሏት። ብዙነሽ አንዴ ብላ ጥላቸው ሄደች።