የሾፌር ወገብ

መንገድ በዓይን ብቻ የሚታይ ይመስላችኋል? ከወልድያ ወደ ቆቦ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ይሆናል። ቁልቁለቱ አልቆ የራያ ሜዳ ሲዘረጋ፣ ግራና ቀኝ ማሽላው፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ጎብዬ፣ ሮቢት… እያለ በመስኮት ያልፋል። ተሳቢ በሚጎትት መኪና ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠ ግን መንገድ የሚታየው በወገብ ነው።

አውቶቡስ ያጣ ሰው ያገኘውን ይሳፈራልና እኔም ይህን መንገድ በጭነት መኪና ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። መንገዱ አስፋልት ሆኖ ሳለ መኪናው እንደ ግልቢያ ፈረስ ወደፊትና ወደኋላ ይንጠናል። አንድ ቀን ዕድሜያቸው የገፋ ሾፌር ጠየቅሁ።

“ጋሼ፣ አስፋልት ላይ አይደለን? ምን ያንገጫግጨናል?”

“መንገዱን አትማ ልጄ፤ የሚንጠን ከኋላችን ያለው ነው” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የከፊል ተሳቢ ፊተኛው ክብደት የሚያርፈው በሳቢው መኪና ጀርባ ላይ ባለ የብረት ሳህን ላይ ነው። ከተሳቢው ሥር የወጣ ወፍራም ፐርኖ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ፈረንጆቹ ይህን ሳህን “አምስተኛ ጎማ” ይሉታል። በፈረስ ሠረገላ ዘመን የፊተኛው እግር የሚዞርበት አግድም ቀለበት ከአራቱ እግሮች ቀጥሎ አምስተኛ ይመስል ነበርና ስሙ ከዚያ ቀረ። በ1914 እ.ኤ.አ. አውጉስት ፍሩሃፍ የተባለ የዲትሮይት አንጥረኛ የአንድ ነጋዴ ጀልባ በፎርድ መኪና እንዲጎተት ተሳቢ ሠራ።

ታዲያ ንጠቱ ከየት ይመጣል? ፐርኖውና የሚይዘው መንጋጋ በልተው ሲላሉ፣ ፍሬን በተያዘና ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ተሳቢው ሳቢውን ከኋላ ይገፋዋል፣ ይጎትተዋል። ሳህኑ ከኋላ አክሰሉ በጣም ወደኋላ ካፈገፈገ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ይቀላል፤ መሪው ይሳሳል፣ ጋቢናው ያጎነብሳል፣ ይነሳል። ጭነቱ ተሳቢው ጭራ ላይ ሲከመርም እንዲሁ ሚዛኑ ይዛባል። ባሌስትራው የተሠራው ለሙሉ ጭነት ስለሆነ ባዶውን ሲመለስ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የአሞርዛተሩ ዘይት ካለቀ አንድ ጊዜ የተነሳው መንጠር ቶሎ አይበርድም።

መድኃኒቱ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። የላላውን ፐርኖና መንጋጋ መለወጥ፣ ሳህኑን ግራሶ ማጠጣት፣ የተሰበረ ባሌስትራ ይዞ አለመውጣት፣ ጭነቱን በልክ ማደላደል ነው። ጎማውን ደግሞ እንደ ጭነቱ መጠን፣ በጠዋት፣ ሳይሞቅ መንፋት። በቆቦ ቀትር የጎማ አየር ሞቆ ሲጨምር ያየ ረዳት ማስተንፈስ ያምረዋል። አደጋ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጎማው ጎድሎ ያድራል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይግላል፣ ይፈነዳል። አቅም ላለው በአየር የሚሠራ ወንበር ንጠቱን ይቀንሳል።

“ይህማ ቅንጦት ነው” የሚል አይጠፋም። አይደለም! ለዓመታት መናጥ ከወገብ ሕመም ጋር እንደሚያያዝ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ ሰውነቱ የሚችለውን የንዝረት መጠን በቁጥር ወስኗል፤ ከዚያ ካለፈ አሠሪው ይጠየቃል። ወገቡ ሲነዘር የዋለ ሾፌር አላማጣን አልፎ ወደ ኮረም ሲወጣ የሚጠብቀው ግራ ካሕሱ ነው። ከ1,500 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር የሚያወጣ ጠመዝማዛ! ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት በፍሬን ይወርደዋል። በደከመ ሰውነት ላይ የሚንጥ ተሳቢ ተጨምሮበት የሚመጣውን ማሰብ አያዳግትም። ከቆቦ መስኖ የወጣ ቲማቲምም ቢሆን በንጠት ከተፈጨ ገበያ የሚደርሰው ድልህ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ብልሃቱ መጥፋቱ አይመስለኝም። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ያውቁታል። ችግሩ ወገቡን የሚያመው ሌላ፣ መለዋወጫ የሚገዛው ሌላ መሆኑ ነው። ባሌስትራ ሲሰበር ባለንብረቱ ይሰማዋል፤ መኪናው ይቆማላ። ወገብ ሲሰበር ግን ሌላ ሾፌር ይቀጠራል።

የድሮው የወሎ ነጋዴ በዚህ ነገር ይበልጠን ነበር። አጋሰሱ ከተገጠበ ንግዱ እንደሚቆም ያውቃል። ስለዚህ ከጭነቱ በፊት ጀርባው ላይ የሚደለደለውን ያመቻቻል፤ ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፤ ማታ ሲያራግፍም አስቀድሞ የሚዳብሰው የእንስሳውን ጀርባ ነው። የዛሬው ባለንብረት መኪናው ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጭነቱ፣ ቀጥሎ ስለ ጎማው ነው። ስለ ሾፌሩ ወገብ የምትጠይቅ ሚስቱ ብቻ ናት።