ድመት በጸደይና በነጎድጓድ ጊዜ

ዘመን የሚለዋወጥበትን ምልክት ገበሬ ከሰማይና ከምድር፣ ነጋዴ ከገበያው፣ ተማሪም ከትምህርት ቤቱ ደወል ያገኛል። ድመት ያለችበት ቤት ግን ከእነዚህ ሁሉ ሌላ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለው። ድመት የቀኑን መርዘም፣ የነፋሱን መለወጥ፣ የነጎድጓዱንም መቅረብ በጠባይዋ ታሳያለችና፣ ልብ ብሎ ለሚመለከታት ሰው እንደ ትንሽ የቀን መቍጠሪያ ናት ማለት ይቻላል። እኔም በቤታችን ያለችውን ድመት ስድስት ዓመት ያህል ስመለከት የቈየሁትን፣ ከእንስሳት ሐኪምና ከመጻሕፍት ከተማርሁት ጋራ አስተባብሬ ለአንባቢዎች ለማቅረብ አሰብሁ።

የድመቲቱ ስም ውሮ ነው። ይህ ስም በአገራችን ለብዙ ድመቶች የሚሰጥ ስለ ሆነ ልዩ ስም ነው አይባልም። ወደ እኛ ቤት የመጣችው እናቴ ባረፉ ጊዜ ነው። አባቴ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ናቸው። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ወደ እኛ ዘንድ ሲመጡ፣ ይዘው የመጡት አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ከዘራና ይህችው ድመት ብቻ ነበሩ። ድመቲቱ የእናቴ ነበረች።

ስለ ጸደይ ከመናገራችን በፊት የቃሉን ትርጕም መለየት ይገባል። በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። ይሁን እንጂ በዕለታዊ ንግግር ብዙ ሰው ጸደይ የሚለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምን ወራት ነው። ድመት ግን የወሩን ስም አታውቅም፤ የምታውቀው ብርሃንን ነው።

ይህም በሳይንስ የታወቀ ነገር ነው። የድመት ዓይን የሚቀበለው ብርሃን በአንጎል ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ ዕጢ መልእክት ያስተላልፋል። ሌሊቱ ረዥም ሲሆን ዕጢዋ ሜላቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር አብዝታ ታመነጫለች፤ ቀኑ ሲረዝም ግን ትቀንሳለች። በዚያን ጊዜ የሴቲቱ ድመት ሰውነት ለመፅነስ ይዘጋጃል። ስለዚህ በአውሮፓ የብርዱ ወራት አልፎ ቀኑ መርዘም ሲጀምር የድመቶች ጩኸት በየመንደሩ ይሰማል፤ ግልገሎችም በጸደይና በበጋ ይበዛሉ። በለንደን ከተማ በዓመቱ ረዥም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ8 ሰዓት ይበልጣል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ የእኛ አገር ድመት አንድ የተወሰነ ወቅት ሳትጠብቅ በማናቸውም ወር ልትፀንስ ትችላለች።

ሴት ድመት ይህ ጊዜ ሲደርስባት በመሬት ላይ ትንከባለላለች፣ በሰውና በዕቃ ላይ ትታከካለች፣ ሌሊቱን በሙሉ ትጮኻለች። ወንዶቹም ድመቶች ድምፅዋን ሰምተው ከየሰፈሩ ይመጡና በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይጣላሉ። ውሮም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ብታደርግ፣ አንዲት ጎረቤታችን አንድ ቀን ጧት በር ላይ ጠብቀው፣ «ጋሼ፣ ድመቲቱን ወይ ለሰው ይስጧት፣ ወይ ከከተማ ያስወጧት፤ እኛ እንቅልፍ አጥተናል» አሉኝ። አነጋገራቸው የቍጣ አልነበረም፤ ነገር ግን እውነት ነበረው። የድመት እርግዝና ከ63 እስከ 65 ቀን ያህል ብቻ ስለሚቈይ፣ አንዲት ድመት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በአንድ ጊዜም አራት ያህል ግልገሎች ቢወለዱ፣ የሚቀበላቸው ቤት ከወዴት ይገኛል?

የእንስሳት ሐኪሙን ባማክረው ድመቲቱ በማደንዘዣ ተኝታ በቀዶ ጥገና እንዳትወልድ ማድረግ እንደሚቻል ነገረኝ። ይህንን ለአባቴ መንገር ለእኔ ቀላል አልነበረም። እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህች ድመት የእናትህ አደራ ናት። ለሰው አትሰጥም፣ ሜዳም ላይ አትጣልም። ጩኸቷ ሰው የሚያስቸግር ከሆነ ግን ሐኪሙ ያለውን አድርግ» አሉኝ። እንደተባለውም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱ ጩኸት ቀረ፤ ጎረቤታችንም እንቅልፋቸውን አገኙ። ይሁን እንጂ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ ውሮ አይጥ መያዟንና ፀሐይ መውደዷን አልረሳችም።

ፀሐይ መውደዷ በተለይ የሚታየው በመስከረም ነው። ክረምቱን በምድጃ አጠገብ ተጠቅልላ የከረመችው ድመት፣ ደመናው ሲገለጥ በማለዳ በአጥሩ ላይ ትወጣለች፤ ፀሐዩ በዞረ ቍጥርም ቦታዋን እየለወጠች ትከተለዋለች። የጤናማ ድመት የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ እስከ 39 የሚደርስ በመሆኑ፣ ለሰው የሚስማማው አየር ለእርሷ ገና ብርድ ነው። አሮጌው ጠጕሯ ይረግፋል፤ ስለዚህ በዚህ ወራት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብታበጥሯት፣ እየላሰች የምትውጠው ጠጕር ይቀንሳል። ለጋ ሣር ስትግጥና መልሳ ስታስታውከው ብታዩም አትደንግጡ፤ የጤነኛ ድመት ልማድ ነው። ቁንጫም የሚበዛበት ጊዜ ስለ ሆነ መኝታዋን ማጠብና በፀሐይ ማስጣት ይጠቅማል።

አሁን ወደ ማዕበሉ እንመለስ። አማርኛ ለዝናም ብዙ ስም አለው። ስስ ሆኖ የሚንጠባጠበው ካፊያ ይባላል፤ በብዛት የሚወርደው ዶፍ ነው፤ ከነፋስ ጋራ የሚመጣው ውሽንፍር፣ በነፋስ ተገፍቶ በበርና በመስኮት የሚገባው ወጨፎ ይባላል። ድመትም እነዚህን እንደየስማቸው የምትለይ ትመስላለች። በካፊያ ጊዜ በደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትመለከታለች፤ ዶፍ ሲወርድ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ውሽንፍርና ነጎድጓድ ሲመጣ ግን ከዓይን ትሰወራለች።

ውኃን መጥላቷ ምክንያት አለው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርምር እንዳሳየው፣ የቤት ድመት የተገኘችው በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው። በቆጵሮስ ደሴትም ከሰው ጋራ የተቀበረ የ9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የድመት ዐፅም መገኘቱ በ2004 ዓ.ም. ተገልጿል። እንግዲህ የዘር አባቶቿ በደረቅ አገር የኖሩ በመሆናቸው፣ ጠጕሯ ውኃ የሚያንሸራትት አይደለም፤ ሲርስ ይከብዳታል፣ ሙቀቷንም ያሳጣታል።

ነጎድጓዱን አስቀድማ ማወቋ ብዙ ሰው ያስደንቃል። ድመት ፊቷን ስታጥብ ዝናም ይመጣል የሚል እምነት በጃፓንም በአውሮፓም አለ። ነገር ግን ድመት በየቀኑ ከበላች በኋላ ፊቷን የምትታጠብ ስለ ሆነ፣ ይህን ምልክት የሚከተል ሰው በበጋም ጃንጥላ ይዞ ይዞራል። ዋናው ነገር ጆሮዋ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ የሚደርሰውን ንዝረት ሲሰማ፣ የድመት ጆሮ ከ60 ሺህ የሚበልጠውን ይሰማል። ሁለቱ ጆሮዎቿም እየብቻቸው ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚዞሩ በመሆናቸው፣ ከሩቅ የሚመጣውን ስስ ድምፅ ለይታ ትይዛለች። እንዲህ ላለ ጆሮ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አንድ ሌሊት ብርቱ ነጎድጓድ ከበረዶ ጋራ መጣ። መብራትም ጠፋ። የስምንት ዓመት ልጄ ድመቲቱን ፍለጋ ወደ አባቴ ክፍል ሮጠች፤ እኔም ሻማ ይዤ ተከተልኋት። ውሮ በአልጋው ሥር፣ ክዳኑ በተከፈተው በእናቴ ሣጥን ውስጥ ተሸሽጋ ነበር። አባቴም ጋቢያቸውን ተከናንበው በወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ይሏት ነበር። ልጄ እጇን ሰድዳ ልትጎትታት ስትል፣ «ተያት የኔ ልጅ፤ ፈርቶ የተሸሸገን አይጎትቱትም» አሏት። ከዚያም መብረቁ ሲበርቅ ጀምራ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ እንድትቈጥር አስተማሯት። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ስድስት ብትቈጥር መብረቁ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል ማለት ነው። ልጅቱም ቍጥሩ ከአራት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ ዐሥራ ሁለት እያደገ ሲሄድ ፍርሃቷ እየቀነሰ ሄደ።

በዚያን ጊዜ አባቴ እንዲህ አሉ፤ «እናታችሁ ነጎድጓድ በመጣ ቍጥር ይህችን ድመት ታቅፋ ትቀሰቅሰኝ ነበር። ድመቲቱ ፈርታለች ተነሥ ትለኛለች። የፈራችው እርሷ እንደ ነበረች አውቅ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አልነገርኋትም።» እናቴ ካረፉ ጀምሮ አባቴ ስማቸውን አንሥተው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዝናሙ እስኪያባራ ድረስ ስለ እርሳቸው ብዙ አወጉን፤ ልጄም አያቷን ያወቀቻቸው በዚያ ወግ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የአባቴ ምክር ከሐኪሞች ምክር ጋራ የሚስማማ ነው። በኔዘርላንድ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ወደ እንስሳት መጠለያ አዲስ ከገቡት ድመቶች መካከል መሸሸጊያ ሣጥን የተሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ፈጥነው እንደ ተረጋጉ ታይቷል። ስለዚህ የክረምት ወራት ሳይገባ በቤቱ ጸጥተኛ ማዕዘን ጠባብ ሣጥን ወይም ካርቶን ከነጨርቁ ማኖር መልካም ነው። በነጎድጓድ ጊዜ በሩንና መስኮቱን ዝጉ፤ ድመቲቱን ፈልጋችሁ አታውጧት፤ በራሷ ፈቃድ እስክትወጣ ታገሡ። ብርድ ነው ብላችሁም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ ጢሱ ሰውንም ድመትንም ይገድላልና።

ሕፃናትን በዚህ ነገር ማስጠንቀቅ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የፈራች ድመት ወዳጇንም ትቧጭራለች፣ ትነክሳለችም። በጸደይ የሚጣሉት ወንዶች ድመቶች ደግሞ እርስ በርሳቸው ሲናከሱ የእብድ ውሻ በሽታ ሊተላለፍባቸው ይችላል። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ክትባቱን ለሰው ከሰጠ ወዲህ ይህ ታውቋል። ድመት የነከሰችው ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ድመቲቱም ሐኪም በሚያዝዘው ጊዜ ትከተብ።

በአሁኑ ጊዜ የእናቴ ሣጥን በአባቴ አልጋ ሥር ክዳኑ እንደ ተከፈተ ይኖራል። ልብስ እንዳይገባበት አባቴ ከልክለዋል። የሐምሌ ደመና ሲጠቍር ውሮ ቀድማ ትገባበታለች፤ ልጄም ቀጥላ ወደ አያቷ ክፍል ትሄዳለች። አንዱ ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ከበሩ ወዲህ ሆኜ የምሰማው ቍጥርና ወግ ነው።