የጥጥ ትልና የአራዳ ልጅ

የአራዳ ልጅ ጥጥን የሚያውቀው በነጠላና በጋቢ ነው። ከየት ይመጣል ቢሉት «ከሽሮ ሜዳ ነዋ!» ብሎ ይገላገላል። እኛም የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነንና ስለ ትል መጻፍ ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። ይበለን። በጊዮርጊስ ዕለት ፒያሳን ነጭ በነጭ የሚያደርገው ልብስ ሁሉ፣ መጀመሪያ ከትል አፍ የተረፈ ነው።

ይህን የነገሩን ሳይንቲስቶች አይደሉም። ከአራዳ ብዙው ሠፈር በ2016 ዓ.ም. ቢፈርስም እንዝርት የሚያሾሩ እናቶች አልጠፉም። የአንዱ ጓደኛችን አያት ጥጡን በመዳመጫ ከመፈልቀቃቸው፣ በደጋን ነድፈው ባዘቶ ከማድረጋቸው በፊት ቁጭ ብለው ይለቅሙታል። ቢጫ ነጠብጣብ ያለበትን «ይኼን ትል ቀምሶታል» ብለው ወዲያ ይሉታል። ጣት ላይ የሚጣበቀውንማ አያድርስ ነው፤ ፈትሉ ይበጠስባቸዋላ!

እሳቸው በጣታቸው የለዩት ሁለት ጠላት ነው። የሚያጣብቀው የነጭ ዝንብና የክሽክሽ ሥራ ነው፤ ቅጠሉን እየመጠጡ ጣፋጭ ፈሳሽ በፈካው ጥጥ ላይ ያንጠባጥባሉ። ፍሬውን የሚበሳው ደግሞ ጓይ ትል ነው። እናቲቱ የእሳት ራት ናት። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ በኩል፣ በግንቦት ግድም የተዘራው ጥጥ ክረምት ላይ እንቡጥ ሲይዝ ሌሊት መጥታ በለጋው ጫፍ ላይ እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች፤ በመቶ የሚቆጠር። በጥቂት ቀን ይፈለፈላል። ትሉ እንቡጡንና አበባውን ቀማምሶ ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ቢረጩ አይደርስበትም። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ አፈር ውስጥ ገብቶ ይኮበኩባል፣ ራት ሆኖ ይወጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ጥጥ ቢያልቅ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ቲማቲም አለለት። ጦም አያድርም።

እንግዲያው መርጨት ነዋ! ትላላችሁ። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። መርዙ ትሉን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና በእንቁላሉ ውስጥ የሚራቡትን ጥቃቅን ተርቦች አብሮ ይፈጃል። ጎረቤታችን ሱዳን በገዚራ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዲዲቲ ስትረጭ ነጭ ዝንቡ ጠላት አጥቶ እንደ ጉድ ረባ። አንዱን ገድሎ ሌላውን ማሳደግ ማለት ይኸው ነው።

ከመካከላችን አንዱ የአዋሽ ልጅ ነው። አባቱ በአንድ እርሻ ኢንዶሰልፋን በጀርባቸው ተሸክመው ሲረጩ ኖረዋል። ያለ ጓንት፣ ያለ ምንም። ማታ ሲገቡ ልጆቹ እንዳያቅፏቸው እናትየው በር ላይ ይከላከሉ ነበር፤ ልብሳቸውም ለብቻው ይታጠባል። ይህን ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ሲነግረን ብርጭቆውን ያነሳ ሰው አልነበረም። ኢንዶሰልፋን እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የሳቸው ሳል ግን አልተወገደም።

አገራችን በ2010 ዓ.ም. ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ፈቅዳለች፤ ከባክቴሪያ በተወሰደ ጂን ትሉን ራሱ ተክሉ የሚገድልበት ነው። ለነጭ ዝንብ ግን ምንም አያደርግም፤ በሕንድም ሮዝ ትሉ ተላምዶታል። እኛ ይበልጥ የገረመን የአርባ ምንጭ አካባቢ ገበሬዎች ዘዴ ነው፤ ከተፈጨ በቆሎ የተዘጋጀ ምግብ ማሳው ላይ እየረጩ ጥንዚዛና ተርቡን ይጠራሉ። ትሉን እንዲበሉላቸው ድግስ ደግሰው! ከለቀማ በኋላ ግንዱን ነቅሎ ማጥፋት፣ አርሶ ኩብኩባውን ለፀሐይና ለወፍ መስጠትም አለ። ከሁሉም በፊት ግን መቁጠር ነው፤ በየማሳው እየዞሩ እንቁላልና ትል ቆጥሮ፣ ልኩን ካላለፈ መርጫውን አለማንሳት።

የጓደኛችን አባት ዛሬ ሥራቸው ይኸው ቆጠራ ነው። ባለፈው ነሐሴ ስልክ ደውሎ «አባዬ፣ ረጫችሁ እንዴ?» አላቸው። «ገና ነው፤ ዛሬም አልሞላም» አሉት፤ ሳላቸውንም እየሳሉ ስለ ፈተናው ጠየቁት።