የሚስበው እግር

ሀንጋሪ ለትምህርት ስሄድ ዋና የማልችል የደጋ ልጅ ነበርኩ። የደረሰኝ ከተማ ሴጌድ ነው። የቲሳ ወንዝ ያቋርጠዋል፤ ከተማው ዳር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2019 የካያክና የካኑ የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደበት ማትየር የሚባል የውድድር ስፍራ አለው። እዚያ ልጆች መቅዘፍ የሚጀምሩት ገና በትንሽነታቸው ነው። እኔ ጀልባ ላይ ለመውጣት መጀመሪያ ዋና መማር ነበረብኝ፤ ተማርኩ፣ ውኃውንም ተላመድኩት። ለማንም ያልነገርኩት ፍርሃት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእግር ማሰሪያውን እፈራው ነበር።

የአንድ ሰው የውድድር ካያክ ርዝመቱ እስከ 5 ሜትር ከ20 ነው፤ ክብደቱ 12 ኪሎ ገደማ፣ ስፋቱም ዳሌ ብቻ የሚያስገባ። ቀዛፊው ከፊቱ ባለው ጠፍጣፋ መርገጫ ላይ ሁለት እግሩን ያሳርፋል። በእግሮቹ መካከል የቆመች ትንሽ ዘንግ አለች፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓት መሪው ይዞራል። ማሰሪያው ከጣቶቹ ከፍ ብሎ በሁለቱም እግሮች ላይ ተጋድሞ ያልፋል። ጀልባው ቢገለበጥ እዚያው ታስሬ፣ ራሴን ቁልቁል ተዘቅዝቄ የምቀር ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ማሰሪያውን ከሥር አድርጌ፣ እየረገጥኩት እቀዝፋለሁ። ክንዴ ቶሎ ሲዝልብኝ ብረት አነሳለሁ።

ያወቁብኝ አሰልጣኛችን ናቸው፤ በወጣትነታቸው የተወዳደሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። ጉልበቴን አይተው ነው የነቁት። ከጀልባው አፍ በላይ ተራ በተራ ብቅ ጥልቅ ማለት የነበረበት ጉልበት የእኔ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ወደ ልምምድ ማሽኑ ወሰዱኝና ያለ ማሰሪያ አስቀዘፉኝ። ቀጥለው እግሬን ማሰሪያው ውስጥ አስገቡና ግራ ዳሌዬ ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

«በቀኝ ስትቀዝፍ በቀኝ እግርህ ግፋ፣ በግራው ሳብ» አሉኝ።

ቀኝ እግሬ ሲገፋ ቀኝ ዳሌዬ ወደ ኋላ ሄደ። ግራው ማሰሪያውን ወደ እኔ ሲስብ ግራ ዳሌዬ ከእጃቸው ሥር ወደ ፊት ተንሸራተተ፤ ወገቤ እስከ ትከሻዬ ዞረ። የማሽኑ ድምፅ ወዲያው ወፈረ። ክንዴ ግን ምንም አልጨመረም።

ሲያስቡት ግልጽ ነው። በደንብ የጠለቀ መቅዘፊያ ውኃው ውስጥ ባለበት ሊቆም ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የሚሄደው ጀልባው ነው። ክንድ ጀልባውን አይነካም። የቀዛፊው ኃይል ሁሉ ወደ ጀልባው የሚያልፈው በወንበሩና በመርገጫው በኩል ነው። አንዱ እግር ሲገፋ ሌላው በመሳብ ካላገዘው ዳሌ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰዓቱንም መጠበቅ አለበት፦ መቅዘፊያው ሳይጠልቅ እግር ከቀደመ ጉልበቱ ይባክናል፣ ጀልባውም ይናጣል። የኒውዚላንዷ ሊሳ ካሪንግተን በለንደን፣ በሪዮና በቶኪዮ ኦሊምፒክ የ200 ሜትር ወርቅ በተከታታይ የወሰደችባቸውን ውድድሮች በቪዲዮ ያገኘ ሰው ክንዷን ትቶ ጉልበቶቿን ይመልከት።

ፍርሃቱ በማብራሪያ አልለቀቀኝም። አሰልጣኟ ውኃው ደረት በማይደርስበት ዳር እግሬ ማሰሪያው ውስጥ እንዳለ ገለበጡኝ። ውኃ ጆሮዬን ሲሞላው እግሬ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ለካ ማሰሪያው ቋጠሮ የለውም፤ እግር ተንሸራቶ ይገባል፣ ሰውነት ሲወድቅ ተንሸራቶ ይወጣል። እስካምን ድረስ ደጋግመው ገለበጡኝ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ስጨርስ የሚያመኝ ጭኔ ነው።

አሁን ማሰሪያውን ሳልፈትሽ ከዳር አልነሳም። ከላላ እግር ሲስብ በባዶ ይሄዳል፤ ከጠበቀ አውራ ጣት መሪውን አያዝም፣ ለመውጣትም ያስቸግራል። ውድ መቅዘፊያ ገዝተው ማሰሪያቸውን እንደላላ የሚተዉ ጓደኞች አሉኝ፤ በዚህ ሁልጊዜ እንከራከራለን። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ተማሪ ልሞክር ሲለኝ ግን ስለ አቀዛዘፍ አንድም ቃል ሳልናገር ወደ ዳር ወስጄ አብሬው እገለበጣለሁ።